«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጣ?»

ባለፈው እትም ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ኮሚሽነሮች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ አለፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። የመጣው ደብዳቤ ለጉድ ነው። ግማሹ ይጠይቃል፣ ግማሹ ይወቅሳል። አንዱ ደግሞ «የታክሲ ሹፌር ስለ ኮሌጅ ስፖርት ምን አገባው?» ብሎ ጽፏል።

ወንድሜ፣ ከ2006 ጀምሮ ሲያትል ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። የመኸር ቅዳሜ ሲመጣ ቦታዬ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ቡድን የሃስኪዎቹ ሜዳ፣ ሃስኪ ስታዲየም አካባቢ ነው። ስታዲየሙ ሐይቅ ዳር ስለሆነ በጀልባ የሚመጣ ደጋፊ አለ። ጀልባ የሌለው የኔ ደንበኛ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ከኋላ ወንበር ይዘፍናል። ሲሸነፍ አሰልጣኙ ላይ ያወርድበታል። አዲስ ኮሚሽነር የተቀጠረ ሰሞን ግን ሃስኪም ሆነ ሌላ፣ ሽማግሌም ሆነ ተማሪ፣ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጣ?»

እኛ ለተሾመ ሰው «ሹመት ያዳብር» እንላለን። ሆዳችን ሌላ ቢልም እንላለን። እነሱ ዘንድ ይሄ ይሉኝታ የለም።

ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል ስል ደግሞ የነሱን ነው፣ ባለ ሄልሜቱን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ኮሚሽነር ሲባል የማውቀው የፖሊስ ነው። ኮንፈረንስ ሲባልም ስብሰባ ይመስለኛል። ልጆቼ ሲያወሩ ግራ ይገባኛል። እስቲ በአማርኛ ያስረዱኝ። (ከታኮማ)

መልስ፦ ኮንፈረንስን እድር በለው። አባላት አሉት፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ለአባላት ይከፋፈላል። አባላቱ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ዋናው ገንዘብ ከቴሌቪዥን ይመጣል፤ ጣቢያዎቹ ጨዋታውን ለማሳየት የሚከፍሉት ነው። ኮሚሽነሩ የእድሩ ዳኛ ነው። ከጣቢያዎቹ ጋር ይደራደራል፣ ፕሮግራም ያወጣል፣ ያጠፋውን ይቀጣል። ሲከፋ ደግሞ ጥሎ ሊሄድ የተነሳ አባል ደጅ ይጠናል። ከእድር ዳኛ የሚለየው በደሞዙ ነው። የምዕራቡ ዳርቻ ኮንፈረንስ የፓክ-12 ኮሚሽነር የነበረው ላሪ ስኮት በዓመት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የበላበት ጊዜ አለ።

ስሞቹን ብቻ አትመናቸው። ቢግ ቴን «ትልቁ አስር» ማለት ነው፤ አባላቱ 18 ናቸው። ቢግ 12 ውስጥ 16 አሉ። ፓክ-12 ደግሞ ሁለት የፉትቦል ወቅት ሙሉ በሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ተጫውቷል። ልጆችህን ሒሳብ በዚህ እንዳታስጠናቸው።

ስለ ፖሊሱ ግን ብዙም አልተሳሳትክም። ቢግ ቴን በ1896 የተቋቋመ አንጋፋ ኮንፈረንስ ነው። የመጀመሪያውን ኮሚሽነር የቀጠረው በ1922 ነበር። ያኔ ዋናው ሥራ ደንብ ማስከበር ነበር፤ ደሞዝ ተከፍሎት የሚጫወት ወይም ተማሪ ሳይሆን የሚሰለፍ ሰው ማደን። ዛሬ ጨዋታው ራሱ ገንዘብ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ነው የተማረው። ሥራ ይዟል፣ ሊያገባም ነው። ግን አዲስ የስፖርት ኮሚሽነር ተቀጠረ በተባለ ቁጥር ስልኩ ላይ ተጥዶ ሲጨቃጨቅ ያድራል። ቡድኑ አልተሸነፈ፣ አሰልጣኙ አልተባረረ። ስለ አንድ የቢሮ ሰው እንዲህ መናደድ ጤና ነው? (እናት፣ ከሬንተን)

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ነው። ልጅዎ የተነከሰ ሰው ነው። በእባብ የተነከሰ በልጥ ይበረግጋል ይባል የለ? እርስዎ የሚያዩት ልጡን ነው። እባቡን ልንገርዎት።

በ2009 የልጅዎ ዩኒቨርሲቲ የነበረበት ፓክ-12 ገና ፓክ-10 ሳለ፣ ያ ላሪ ስኮት ያልኳችሁ ሰው ተቀጠረ። የመጣው ከሴቶች ቴኒስ ነው። ያን ሰሞን ከኋላ ወንበር የሰማሁት ሳቅ ነበር። «ቴኒስ? ሰውዬው ኳሱ ሞላላ መሆኑን ያውቃል?» አለኝ አንዱ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ሰውዬው ኮሎራዶንና ዩታን አስገብቶ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር የ12 ዓመት ውል ተዋዋለ። ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ በጊዜው በኮሌጅ ስፖርት ያልታየ ገንዘብ። የሳቁት ተሳፋሪዎች ሁሉ «ሊቅ ነው» ብለው ተመለሱ። ያሾፉበትን አስታውሳቸው ነበር፤ ጉርሻዬ እንዳይቀር ግን ዝም አልኩ።

ከዚያ በ2012 ኮንፈረንሱ የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፈተ። ቢግ ቴን ጣቢያውን ሲያቋቁም ከፎክስ ጋር ተሻርኮ ነበር። ፓክ-12 ግን «ብቻችንን ባለቤት እንሁን» አለ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። ሸሪክ ከሌለህ ግን ጣቢያህን ለኬብልና ለሳተላይት ድርጅቶች የሚያስገባልህ ባለ ጡንቻ የለህም። ከአንድ ትልቅ የሳተላይት ድርጅት ጋር እስከ መጨረሻው ሳይስማሙ ቀሩ። ደጋፊው የገዛ ቡድኑን ጨዋታ ማየት አቃተው። አንድ ቅዳሜ ማታ አንዱን ተሳፋሪ ጨዋታውን የሚያሳይ ቡና ቤት ፍለጋ ሦስት ቦታ አዙሬዋለሁ። ሒሳቡን ሲከፍል ቴሌቪዥንን የፈለሰፈውን ሰው ረገመ። እኔ ደግሞ በልቤ አመሰገንኩት።

በ2021 ስኮት ሄደና ጆርጅ ክሊያቭኮፍ መጣ። ከላስ ቬጋሱ የኤምጂኤም ሪዞርትስ ነው የመጣው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ደጋፊው «ካዚኖ?» ብሎ ሲያጉረመርም እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። «ቁማር የሚያውቅ ሰው አይሸወድም» እያልኩ ለጫንኩት ሁሉ ሰብኬያለሁ።

ሰውዬው ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ኦገስት 2021፣ ፓክ-12 ከቢግ ቴንና ኤሲሲ ከሚባለው ሌላ ትልቅ ኮንፈረንስ ጋር ኅብረት መሠረትኩ አለ። የተፈረመ ውል አልነበረውም። በመተማመን ነው ተባለ። እኛ እንኳ ለጎረቤት መቶ ብር ስናበድር ምስክር እናቆማለን። አሥር ወር አልፎ፣ ጁን 30 ቀን 2022፣ የፓክ-12 አባላት የነበሩት የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ወደዚያው ወደ ኅብረቱ ወዳጅ ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጁላይ 21 ኮሚሽነሩ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ አባላት ይሄዱብኛል የሚል ስጋት የለኝም አለ። በስድስተኛው ቀን ኮሎራዶ ሄደ። ኦገስት 4 ቀን 2023፣ ዓርብ ቀን፣ ዋሽንግተንና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 አመሩ። በ1915 የተመሠረተ ኮንፈረንስ በአንድ ዓርብ ፈረሰ። ያን ቀን ማታ የጫንኳቸው ሰዎች አልተሳደቡም። እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ይባስ ብሎ የልጅዎ ቡድን በዚያው የመጨረሻ ወቅት አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ እስከ ብሔራዊ ዋንጫ ደረሰ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ሂውስተን ላይ በሚሺጋን 34 ለ13 ተሸነፈ። ሚሺጋን የቢግ ቴን አባል ነው። ልጅዎ ሠርግና ቀብር አንድ ሰሞን አስተናግዷል።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄ ሁሉ ሲሆን ደጋፊው አፍ ላይ የነበረው ስም የኮሚሽነሩ ነው። ኮሚሽነሩን የሚቀጥሩት፣ የሚያዙትና የሚያሰናብቱት ግን የዩኒቨርሲቲዎቹ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። በወቅቱ እንደተዘገበው ኢኤስፒኤን ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ግድም ሊከፍል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፕሬዚዳንቶቹ 50 ካልሆነ አሉ። ጣቢያው ተነስቶ ሄደ። በመጨረሻ ዋሽንግተንና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን ሲገቡ የተቀበሉት ድርሻ፣ ዘገባዎቹ እንዳሉት፣ በዓመት ከ30 ሚሊዮን ግድም የሚጀምር ነው። ሌሎቹ ነባር አባላት ከዚያ እጅግ የበለጠ ይወስዳሉ። ቁጥሩን ሳየው መኪናዬን አቁሜ ነው የሳቅኩት።

ኮሚሽነሩ አላጠፋም አልልም። አጥፍቷል። ግን ፕሬዚዳንቶቹ በር ዘግተው ይወስናሉ፣ ካሜራ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። የልጅዎ ንዴት አድራሻ ነው የሚጎድለው። አዲስ ሰው ሲቀጠር ማን እንደቀጠረው፣ ምን አድርግ ብለው እንደላኩት ይጠይቅ። ከሠርጉ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ከካዚኖ፣ ከራፐር ድርጅት፣ ከቪዲዮ ጌም ኩባንያ! የኮሌጅ ስፖርት የሚያውቅ ሰው አሜሪካ ውስጥ ጠፋ? (ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ አልጠፋም። የሚፈለገው ሌላ ነው።

ራፐር ያልከው ብሬት ዮርማርክን መሰለኝ። ታሪኩን ልንገርህ፤ እኔን በደንብ ያዋረደኝ እሱ ነው። በ2021 ቴክሳስና ኦክላሆማ ከቢግ 12 ወጥተን ኤስኢሲ ወደሚባለው የደቡቡ ኮንፈረንስ እንሄዳለን አሉ። ሁለቱ የቤቱ ምሰሶ ነበሩ። ሁሉም ቢግ 12 አለቀለት ብሎ ነበር። በዓመቱ፣ ጁን 2022፣ አዲስ ኮሚሽነር ተብሎ ዮርማርክ ቀረበ። የመጣው ራፐሩ ጄይ-ዚ ካቋቋመው ድርጅት ከሮክ ኔሽን ነው። ከዚያ በፊት የቅርጫት ኳሱ ቡድን የብሩክሊን ኔትስ ኃላፊ ነበር፤ ከዚያም በፊት የመኪና እሽቅድምድም። ኮሌጅ ስፖርት ውስጥ አንድ ቀን አልሠራም።

እንግዲህ ቢግ 12 ማለት ሉበክ ነው፣ ኤምስ ነው፣ ስቲልዋተር ነው። የእርሻ አገር ከተሞች ናቸው። ከሮክ ኔሽን የመጣ ኒው ዮርኬ ሲሾምባቸው ምን እንዳሉ ገምት። ያን ሰሞን ከአውሮፕላን ማረፊያ ያነሳኋት የካንሳስ ስቴት ምሩቅ ያለችኝን አልረሳውም። ትምህርት ቤቷ ያለበት ከተማ ስሙ ማንሃተን ነው፣ ካንሳስ ውስጥ። «ሰውዬው ማንሃተን ተሳስቶ ነው የመጣው» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እንዲያውም ቀልዱን ሰርቄ ለሦስት ወር ተጠቅሜበታለሁ።

ሦስት ወር ብቻ የሆነው ለምን መሰለህ? ኦክቶበር ላይ ዮርማርክ ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ጨረሰ። የስድስት ዓመት ውል፣ 2.28 ቢሊዮን ዶላር። ያለው ውል ሊያበቃ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ግድም ቀርቶት ነበር። የፓክ-12 ውል ግን ቀድሞ ነው የሚያበቃው። ወረፋው የፓክ-12 ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ወረፋ ጥሶ ገባ፤ ጣቢያዎቹ ኪስ ውስጥ የነበረውን ይዞ ወጣ። የሲያትል ደጋፊ ያንን ቀን ልብ አላለውም። እኔም አላልኩትም። በዓመቱ ግን ከፓክ-12 አራት ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ እሱ ቤት ገቡ።

ስለዚህ እኔ የካዚኖውን ሰው አጨብጭቤ ተቀበልኩ፣ በሮክ ኔሽኑ ሰው ሳቅኩ። ውጤቱን አየኸው። ሎተሪ የማልቆርጠው ለዚህ ነው።

ቶኒ ፔቲቲም በ2023 ኮሚሽነር ሆኖ ወደ ቢግ ቴን ሲመጣ ያለፈበት ቤት ቤዝቦልና ቴሌቪዥን ነው። የቪዲዮ ጌሙ ኩባንያ መሃል ላይ ያለ አጭር ቆይታ ነው። ፕሬዚዳንቶቹ ሰው ሲፈልጉ የሚያስቡት የቴሌቪዥን ውል ነውና የቴሌቪዥን ቋንቋ የሚናገር ይቀጥራሉ። ደጋፊው ደግሞ በስታዲየሙ ወንበር ላይ አብሮት የበረደውን ሰው ይፈልጋል። ሁለቱም አላበዱም። የሚፈልጉት ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፣ በቃ።

ከውስጥ ያደገም አለ። የኤስኢሲው ግሬግ ሳንኪ ከ2002 ጀምሮ እዚያው ቢሮ ሠርቶ በ2015 ነው ኮሚሽነር የሆነው። ከቢሮ ወደ ቢሮ የተሸጋገረ ሰው፣ ለቀልድ እንኳ የማይመች። ኤስኢሲ ቴክሳስንና ኦክላሆማን ወስዶ ያን ሁሉ ሩጫ ያስነሳው ግን በሱ ዘመን ነው።

ዮርማርክም ቢሆን መልአክ ሆኖ አልቀረም። በ2024 የኮንፈረንሱን ስም ለስፖንሰር መሸጥ እየታሰበ ነው ተብሎ ሲዘገብ፣ ያመሰገኑት ሁሉ «እኛ ድሮም ብለናል» አሉ። የካንሳሷ ልጅ ዳግም ብትሳፈር ምን ትለኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ደጋፊ ተሰብስቦ ኮሚሽነር ማባረር ይችላል? (ስሜ ይቅር)

መልስ፦ አይችልም። ሊያስጨንቀው ይችላል።

ኬቨን ዋረንን አስታውስ። ከፕሮፌሽናሉ የፉትቦል ቡድን ከሚኒሶታ ቫይኪንግስ መጥቶ በ2020 መጀመሪያ ቢግ ቴንን ተረከበ። ከትልልቆቹ አምስት ኮንፈረንሶች አንዱን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ወንበሩ ሳይሞቅለት ኮቪድ መጣ። ኦገስት 11 የዚያ መኸር ፉትቦል ለሌላ ጊዜ ይራዘም ተባለ። የተጫዋቾች ወላጆች ቺካጎ አጠገብ ሮዝሞንት ድረስ ሄደው ዋናው ቢሮ ደጅ ላይ ሰልፍ ወጡ። ስድቡ ሁሉ የዋረን ነበር። ቆይቶ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ ሲታይ ግን ፕሬዚዳንቶቹ 11 ለ3 ድምፅ ሰጥተው ነው የወሰኑት። ሴፕቴምበር 16 ራሳቸው ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ፉትቦሉም ተጀመረ።

በሁለት ዓመቱ ዋረን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የሰባት ዓመት፣ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል ይዞ መጣ። ሮዝሞንት ደጅ ላይ «እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ይዞ የቆመ ወላጅ አልሰማሁም። በ2023 ወደ ሌላ ፕሮፌሽናል የፉትቦል ቡድን፣ ወደ ቺካጎ ቤርስ ሄደ።

ጥያቄ፦ ልጄ በአንድ የቢግ ቴን ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ናት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፉትቦል ነው። የኮሚሽነር መቀያየር እሷን ይነካታል? (አባት፣ ከፖርትላንድ)

መልስ፦ ይነካታል፤ ስለ እሷ ስልክ ላይ ተጥዶ የሚያድር የለም እንጂ።

የጉዞው ነገር አለ። ቢግ ቴን ዛሬ ከሲያትል እስከ ኒው ጀርሲ ነው። ወደ 2,400 ማይል። ሯጮች ደህና ናቸው፤ አብዛኛው ውድድራቸው በግብዣ የሚካሄድ ስለሆነ ለኮንፈረንሱ ብለው የሚጓዙት በዋናነት ለሻምፒዮናው ነው። የሚጎዱት መረብ ኳስና ሶፍትቦል ተጫዋቾች ናቸው። በየሳምንቱ አውሮፕላን ነው። ሐሙስ ማታ አየር ማረፊያ ያደረስኳቸው ልጆች አሉ። ሻንጣው ላይ ተደግፈው የቤት ሥራ ይሠራሉ።

ገንዘቡም አለ። ጁን 6 ቀን 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ትምህርት ቤቶች አትሌቶቻቸውን በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሄዳል። በዚያው ስምምነት የየቡድኑ የአትሌት ብዛት ተወስኗል። ስኮላርሺፕ ሳይኖራቸው በራሳቸው ጥረት ቡድን ውስጥ የገቡ ልጆች በዚህ ተቸግረዋል። ልጅህ እንደዚያ ከሆነች አሰልጣኟን ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ኮሚሽነሩን አትጠብቅ።

አዲስ ኮሚሽነር ሲተዋወቅ እኔ አንድ ነገር እቆጥራለሁ። ፉትቦል ያልሆነ ስፖርት ስንት ጊዜ እንደጠራ። ለመቁጠር ጣት ተርፎኝ ያውቃል።

ጥያቄ፦ እኔ የፑልማን ምሩቅ ነኝ፣ ዋሽንግተን ስቴት። እናንተ ሃስኪዎች ጥላችሁን ሄዳችሁ። ቴሬሳ ጉልድ ኮሚሽነር ስትሆን ጓደኞቼ «መርከቡ ከሰመጠ በኋላ መሪውን ለሴት ሰጡ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን ደስም አላለኝም። እርስዎስ ምን አሉ?

መልስ፦ አንደኛ ነገር እኔ ሃስኪ አይደለሁም። በሩ ላይ ነው የምቆመው።

ጓደኞችህ ያሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። ማርች 1 ቀን 2024 ስትረከብ ሊቀሩላት የተቃረቡት ያንተ ትምህርት ቤትና ኦሪገን ስቴት ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች አንዱን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ የደረሳት ግን ፍርስራሹ ነው። ይሄ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ2013 ቢግ ኢስት የሚባለው ኮንፈረንስ ሲከፈል፣ ፉትቦል የሚጫወቱት ተለይተው ሲሄዱ፣ የቀሩት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ስሙን ይዘው እንደገና ተነሱ። የሴቶቹን ኤንቢኤ በመጀመሪያ የመራችውን ቫል አከርማንን ቀጠሩ። ያኔም «ያለ ፉትቦል ምን ሊሆኑ?» ተባለ። ቪላኖቫ በ2016 እና በ2018 የቅርጫት ኳስ ዋንጫ በላ። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው ዩኮን ወደ ቤቱ ተመልሶ በ2023 እና በ2024 ደገመው። የሳቁት የት እንደገቡ አይታወቅም።

ጉልድ ባዶ እጇን አልነበረችም። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ኮልፋክስ በምትባል የገጠር ከተማ ፍርድ ቤት ከሰው፣ የኮንፈረንሱን ሥልጣን ለራሳቸው አስወስነዋል። እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶም ጸንቶላቸዋል። ስሙም ገንዘቡም እነሱ እጅ ነበር። የጎደለው ሰው ነው። ደንቡ ደግሞ ቢያንስ ስምንት አባል ይላል፤ ጊዜውም ሁለት ዓመት። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ቦይሲ ስቴት፣ ሳንዲያጎ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴትና ፍሬዝኖ ስቴት ለ2026 እንመጣለን አሉ። ዩታ ስቴትና ጎንዛጋ ተከተሉ። በ2025 ቴክሳስ ስቴት ስምንተኛው የፉትቦል አባል ሆነ። አብዛኞቹ አዲስ መጤዎች ከለቀቁት ኮንፈረንስ ከማውንቴን ዌስት ጋር በካሳ የተነሳው ጠብ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ያንን ለጠበቆቹ እተወዋለሁ።

ቤቱ የድሮው አይደለም። ዩኤስሲ ፑልማን አይመጣም። ያንን ደስ አለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 አፕል ካፕ፣ የእናንተና የሃስኪዎች ጨዋታ፣ እዚህ ሲያትል ሉመን ፊልድ ላይ ነበር። ያንተዎቹ 24 ለ19 አሸነፉ፤ መጨረሻው ላይ ጎሉ አፍ ላይ አስቁመዋቸው። ከጨዋታው በኋላ አንድ ሽማግሌ ጫንኩ፣ የቡድንህን የኩጋርስን ኮፍያ ያደረጉ። የሚዘፍኑ መስሎኝ ራዲዮኑን ዘጋሁላቸው። ዝም ብለው ተጓዙ። ሊወርዱ ሲሉ ስለ አዲሷ ኮሚሽነር ጠየቅኳቸው፣ ልማዴ ነው። ከሹመቱ በፊትም ዓመታት እዚያው ቢሮ ምክትል ነበረች፣ ያውቋታል። ኮፍያቸውን አስተካከሉና «እሷ እንኳ አልሄደችም» አሉኝ። ከየት መጣች ብሎ ያልጠየቀኝ የመጀመሪያው ተሳፋሪ እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ዳኞቹን የሚመድበው ማነው? በየሳምንቱ እንበደላለን። (ከስፖኬን)

መልስ፦ ኮንፈረንሱ ነው። የፉትቦል ዳኞች አስተባባሪ አለው፤ ያ ቢሮ ደግሞ ኮሚሽነሩ ሥር ነው። እዚህ ላይ ፕሬዚዳንቶቹን ተዋቸው፣ በኮሚሽነሩ ላይ ጩህ። ታክሲ ውስጥ ከሆንክ ብቻ መስኮቱን ዝጋ፤ ፖሊስ የጠራሁ መስሎት የሚቆም ሰው አለ።